ሦስት ኪሎ ውሻ፣ ሠላሳ ኪሎ ወኔ፦ ስለ ዮርኪ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ትልልቅ ጠባቂ ውሾች ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ «ትንንሾቹንስ ምነው ረሷቸው?» የሚል ደብዳቤ ጎረፈብኝ። አብዛኛው ስለ አንድ ዘር ነው፤ ስለ ዮርክሻየር ቴሪየር። ሁላችሁም ዮርኪ ነው የምትሏት፤ እኔም እንዲሁ እላታለሁ። አይቷት ለማያውቅ፦ ሙሉ ካደገች በኋላ 3 ኪሎ አካባቢ የምትመዝን፣ ጀርባዋ የብረት መልክ ያለው ግራጫ፣ ፊቷና እግሯ ወርቅማ፣ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ የቆመ ውሻ ናት። ስትወለድ ግን ጥቁር ናት፤ ቀለሟ የሚገለጠው ስታድግ ነው።

እኔም ቤት አንዲት አለች። ስሟ ጎሽ ነው። 2.7 ኪሎ ናት። ስም ያወጣችላት የእህቴ ልጅ ናት፤ ዱር ያለውን ጎሽ ይሁን «ጎሽ የኔ ልጅ!» የምንለውን ለማለት ፈልጋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስማችሁን ትቼ ከየት እንደጻፋችሁ ብቻ አስቀምጫለሁ።

«ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? ልጆቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነዘንዙን ቆይተው አንዲት ዮርኪ ገዛንላቸው። የሸጠችልን ሴት "የጭን ውሻ ናት፣ ከሶፋ አትወርድም" ነበር ያለችን። የምን ጭን! ከጠዋት እስከ ማታ ትጮኻለች። ፖስተኛው ላይ፣ አሳንሰሩ ላይ፣ ነፋስ ያወዛወዘው ቅጠል ላይ ሳይቀር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አሥር እጥፍ የሚበልጣት ውሻ ላይ ዘላ ልትነክሰው ስትል እኔ ነኝ ነፍሴ ልትወጣ የደረሰችው። ባለቤቴ "እንመልሳት" ይላል። ምን ይሻለናል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሴትየዋ የነገረችዎት የታሪኩን ግማሽ ነው። ጭን የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ የነበረው አይጥ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድ ወደ ሰሜን እንግሊዝ የወረዱ ሸማኔዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ዮርክሻየርና ላንክሻየር ሲገቡ ትንንሽ ቴሪየር፣ ማለትም አይጥ አዳኝ፣ ውሾቻቸውን ይዘው ነው። ያኔ የጨርቅ ፋብሪካ ማለት የአይጥ መንደር ማለት ነው። እነዚህ ውሾች ከአገሬው ትንንሽ ውሾች ጋር ተዳቀሉና የዛሬዋ ዮርኪ ተገኘች። የዘሩ አባት የሚባለው ሀደርስፊልድ ቤን ነው። በ1865 ተወልዶ በ1871 ሠረገላ ገጭቶት ሞተ። በዚያች አጭር ዕድሜው በውሻ ትርኢት ሽልማት ይሰበስብ ነበር፤ አይጥ በመግደል ውድድርም ስሙ የታወቀ ነው። እንግዲህ የእርስዎ ሶፋ ላይ የተቀመጠችው የእሱ ዘር ናት። ፖስተኛውን እንደ ትልቅ አይጥ ብታየው አይፍረዱባት።

ወኔያቸውን በሌላም አገር ሰው አይቶታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944፣ ኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘች ስሞኪ የምትባል ዮርኪ ነበረች። ቢል ዊን የሚባል አሜሪካዊ ወታደር በሁለት የአውስትራሊያ ፓውንድ ገዛት። ክብደቷ 1.8 ኪሎ ገደማ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ የአውሮፕላን ማረፊያ ስር የስልክ ሽቦ ማሳለፍ አስፈለገ፤ ቱቦው 21 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ስፋቱ ግን ሰው አያስገባም። ሽቦውን አንገቷ ማሰሪያ ላይ አሰሩላት፣ ዊን ከወዲያኛው ጫፍ ጠራት፣ አፈሩን እየረገጠች ወጣች። እሷ ባትኖር ማረፊያውን ለቀናት መቆፈር ነበረባቸው።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ዮርኪ ጩኸት ሥራዋ ነው፤ ጨርሶ ዝም አያሰኟትም፣ ይቀንሱላታል እንጂ። አብዛኛው ቤት የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ትጮኻለች፣ ብድግ ተደርጋ ትታቀፋለች፣ «እሹሩሩ፣ ምን ሆነሽ ነው» ትባላለች። እሷ የምትረዳው «ጎበዝ፣ ቀጥይ» የተባለች አድርጋ ነው። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንግዳ ላይ ዘሎ ቢያጓራ ማንም አይስቅለትም። ሦስት ኪሎዋ ስትሆን ስልክ አውጥተን ቪዲዮ እንቀርጻለን። ከዚያ ደግሞ ባለጌ ናት እንላለን።

ስለዚህ፦ ስትጮኽ አይጩኹባት፤ አብራችሁ የምትጮኹ ነው የሚመስላት። ዝም ያለችበትን ቅጽበት ጠብቀው፣ ሁለት ሰከንድም ብትሆን፣ የአተር ፍሬ የምታክል የተቀቀለ ዶሮ ይስጧት። «ዝም» የሚለውን ቃል ከዚያች ዝምታ ጋር ያያይዙት። መንገድ የምታይበትን የመስኮቱን ታችኛውን ክፍል ይሸፍኑት። በቀን ሁለቴ፣ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሯ ትሂድ፤ በቦርሳ አይደለም። ቤት ውስጥ ደግሞ አፍንጫዋን ያሠሩላት፤ ፎጣ ጠቅልለው ምግቧን እጥፋቱ ውስጥ ይደብቁላትና ትፈልግ። የሰለቸው ቴሪየር የሚጮኽ ቴሪየር ነው።

ስለ ትልቁ ውሻ ግን አልቀልድም። እሷ ትንሽ መሆኗን አታውቅም፤ እሱ አንዴ ይዞ ቢያራግፋት ግን ታልቃለች። ከሩቅ ሲያዩት አቅጣጫ ይቀይሩ፣ ስሟን እየጠሩ ቁራሽ ይስጧት፣ ቀስ በቀስ ርቀቱን ያጥብቡት። ባለቤትዎን ደግሞ ስድስት ሳምንት ታገስ ይበሉልኝ።

«በፋሲካ እንግዳ በዝቶ ነበር። አጎቴ ዮርኪያችንን ወደዳትና ዶሮ ወጥ በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገማት፣ ሠለሰላት። በማግሥቱ ስታስመልስ ዋለች፣ ሆዷን እንደ ቀስት ገትራ ትቆማለች። ሐኪሙ ቆሽቷ ተቆጥቷል ብሎ ሁለት ቀን አስተኛት። ዶሮ ለውሻ ምን ይሆናል? አጎቴ እስካሁን አላመነም።» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እንኳን ተረፈች። ለአጎትህ ይህን አንብብለት፤ ጥፋቱ የዶሮው አይደለም።

ዶሮ ወጥ ውሻ የሚጎዱ ነገሮች ሁሉ ባንድ ድስት የተሰበሰቡበት ነው። አንደኛ ሽንኩርቱ። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ ነገር አላቸው። ቢቁላላም፣ ቢፈጭም፣ ደርቆ ዱቄት ቢሆንም ያው ነው። በኪሎ ክብደቷ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳ ይችላል ይባላል። 3 ኪሎ ለሆነች ዮርኪ ይህ ግማሽ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። የኛ ወጥ ደግሞ፣ መቼም እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን፣ ሽንኩርት ተቁላልቶ ተቁላልቶ የጠፋበት ስለሆነ አንድ ማንኪያ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አይታይም። መዘዙም ወዲያው አይመጣም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ትደክማለች።

ሁለተኛ ቅቤው። ዮርኪ ቆሽቷ ስስ ነው። ድንገት ብዙ ስብ ሲገባ ቆሽቱ ይቆጣል፤ ያንተዋ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ሆዷን እንደ ቀስት መገተሯ ሕመሙ ነው። ሦስተኛ አጥንቱ። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ እንጨት ተሰንጥቆ ይወጋል።

ጉርሻ መከልከል በኛ ባህል ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ቤት መፍትሔው እንዲህ ነው፦ እንግዳ ሲመጣ ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮ በትንሽ ሳህን እበልትና «ጎሽን ማጉረስ የፈለገ ከዚህ» እላለሁ። ባዶ እንጀራ ቆርሶ መስጠት ምንም አይደለም። ዘቢብና ወይን ግን ፈጽሞ፤ ኩላሊት ያቆማሉ። ቸኮሌትም ፈጽሞ አይሰጥም። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ የደም ስኳሯን ያወርደዋል። የእጅ ቦርሳችሁን መሬት አታስቀምጡ። ሲያማት ከሰው መድኃኒት ሳጥን ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን አውጥታችሁ እንዳትሰጧት፤ በዚህ የሞቱ አይቻለሁ።

«እኔ ኩዌት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ማዳም ዮርኪ አላት፣ የማወጣትም የማበላትም እኔ ነኝ። ገመዱን ሳብ ሳደርግ፣ ወይ ስትደሰት ሳል ይይዛታል። ሳሉ የውሻ አይመስልም፣ እንደ ዝይ ነው የሚያሰማት። ማዳም "አንቺ የሆነ ነገር አብልተሻት ነው" ትለኛለች። እኔ ምንም አላበላኋትም። እባክዎ ይመልሱልኝ።»

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የጻፍሽው ሳል ዮርኪ የሚያክም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሳል ነው።

የመተንፈሻ ቱቦዋ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለስላሳ አጥንት በሚመስሉ ቀለበቶች ነው። ዮርኪ ላይ እነዚህ ቀለበቶች በተፈጥሯቸው ይለሰልሳሉ። ያኔ ቱቦው አየር ስትስብ ጠፍጠፍ ይላል፤ የዝይ ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከምግብ የመጣ አይደለም፤ አብሯት የተወለደ ድካም ነው፣ ከዕድሜ ጋር ይብሳል። ገመድ አንገቷን ሲጫነው፣ ስትደሰት፣ ሲሞቃት፣ ስትወፍር ይነሳባታል።

አንቺ ማድረግ የምትችይውን ልንገርሽ። መጀመሪያ፣ በሚቀጥለው ስታስል በስልክሽ ቅረጪያት። ማዳምሽ ሐኪም ጋ ስትሄድ ቪዲዮውን ታሳየው፤ ሐኪም ፊት ሲደርሱ ሳሉ ስለሚጠፋ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ካንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል። ላንቺም ምስክር ይሆንሻል። ሁለተኛ፣ ገመዱ አንገቷ ላይ አይታሰር። ደረቷንና ትከሻዋን የሚይዝ ማሰሪያ አለ፤ ማዳምሽ ያንን ትግዛላት፣ ውድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ባኹር (የዐረብ እጣን) ሲጨስ እሷን ሌላ ክፍል አስገቢያት። የሺሻውም ጭስ ያው ነው። (ቡና የምናፈላ ሰዎችም እጣኑን እናስብበት።) አራተኛ፣ ክብደቷ። 3 ኪሎ የሆነች ውሻ ላይ 300 ግራም ስትጨምር 60 ኪሎ ሰው 6 ኪሎ እንደጨመረ ነው።

ሙቀቱን ደግሞ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በበጋ ከፀሐይ መውጫ በፊትና ከጨለመ በኋላ ብቻ አውጫት። የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ አሳርፊ፤ ካቃጠለሽ መዳፏንም ያቃጥላታል።

ምላሷ ወይም ድዷ ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ግን ማዳምሽ ብትተኛም ቀስቅሻት። ያ ለነገ አይባልም።

«ቦሌ ነው የምኖረው፣ ከእናቴ ጋር። አንድ ሰው "ቲካፕ ዮርኪ" ሊሸጥልኝ ነው። አምስት ሳምንቷ ነው፣ እጅ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፣ በጣም ታምራለች። እናቴ ግን "ውሻ ቦታው ደጅ ነው፣ እኔ ቤት አትገባም" ብላ ቁርጥ አድርጋዋለች። እናቴን እንዴት ላሳምናት?»

እናትሽን ከማሳመንሽ በፊት እኔ አንቺን ላሳምንሽ። ይህችን ቡችላ አትግዢ።

ቲካፕ («የሻይ ስኒ») የሚባል ዘር የለም። ነጋዴ ያወጣው ስም ነው። አንዳንዴ ከመጠን በላይ ትንሽ ሆነው የተወለዱትን እያዳቀሉ ያመጧቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ በሽተኛ ናት፣ ለዚያ ነው ያላደገችው። ጉበቷን ዘሎ የሚያልፍ የደም ሥር ይዘው የሚወለዱ ዮርኪዎች አሉ፤ ደሙ ጉበት ውስጥ ሳይጣራ ስለሚዞር ቡችላዋ አታድግም፣ ከበላች በኋላ ትደነዝዛለች፣ ግድግዳ ላይ ግንባሯን ደግፋ ትቆማለች። ሻጩ «ትንሽዬ፣ ጸጥተኛ» ብሎ ይሸጥልሻል። አንዳንዴም ትንሿ ዕድሜዋ ነው፤ አምስት ሳምንት ማለት ጡት ያልጠገበች ማለት ነው። ዮርኪ ከእናቷ መለየት ያለባት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሲሆናት ነው። እናቲቱን ሳታዪ፣ ወንድምና እህቶቿ እንዴት ከእናታቸው ጋር እንደሚኖሩ ሳታዪ ገንዘብ አታውጪ።

ሌላ ቡችላ በደህና ዕድሜዋ ካገኘሽ፣ ማር ቤትሽ ይኑር። እንዲህ ትንሽ የሆነች ቡችላ ጥቂት ሰዓት ሳትበላ ብትቆይ የደሟ ስኳር ይወርዳል። ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗ ይፈዝዛል፣ ስትጠሪያት የማትሰማ ትመስላለች። ያኔ ጣትሽን ማር ነክረሽ ድዷን ቀቢያት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ግን አታፍስሺባት፣ ትታነቃለች። ነቃ ስትል አብያት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። እስከ አራት ወሯ ድረስ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትብላ።

አሁን እናትሽ። ደጅ ይሁን ያሉት ስለሚያውቁት ውሻ ነው፤ ያ ውሻ ወፍራም ፀጉር አለው። ዮርኪ ከስር የሚያሞቅ ጠጉር የላትም፣ እንደኛ ፀጉር አንድ ሽፋን ብቻ ነው ያላት። በሐምሌ ብርድ አዲስ አበባ ውስጥ ደጅ ብታድር ትታመማለች። ጭላት ጫጩት የሚነጥቅበት ግቢ ደግሞ አንድ ኪሎ የማትሞላ ቡችላ አይጣልበትም። ትንሽ ውሻ ቤት ማሳደር የፈረንጅ ፋሽን ነው ካሉሽ፣ ጃንሆይ ሉሉ የሚባል ቺዋዋ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደነበራቸው አስታውሺያቸው። በኔ ልምድ ይቺ ነገር ከሳይንሱ ሁሉ የበለጠ እናቶችን ታለዝባለች።

ግን እናትሽ ከልባቸው የሚፈሩት ነገርም አለ፤ ትክክል ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አሁንም ሰው ይገድላል፤ ሰው ላይ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቡችላሽ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ ክትባት ትውሰድ፣ በዓመቱ ይደገምላት። ከዚያ በፊት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቷ ጀምሮ የፓርቮ (ቡችላ የሚገድል የአንጀት በሽታ) እና የሌሎቹ ክትባት በየሦስትና አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንቷ ትከተብ፤ እስኪያልቅ ድረስ የመንገድ ውሻ የሚውልበት ቦታ አትርገጥ። ካርዱን ለእናትሽ ስጫቸውና እሳቸው ይያዙት። እሷንም ይሁን ሰው የማይታወቅ ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ሰው ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። ጠበሉ ይደርሳል፤ ክትባቱ ግን ቀን አይሰጥም።

«በጾም ወቅት ቤታችን ሥጋ አይገባም። ውሻዬም አብራኝ ሽሮ ብትበላስ?»

አትጹም። ሽሮውም ሽንኩርት አለበት። ደረቅ የውሻ ምግብ ገዝተሽ ስጫት፣ ሥጋ ቤትሽ አልገባም፣ ሁለታችሁም ሰላም ናችሁ።

«ኔታንያ፣ እስራኤል ነው ያለሁት። ውሻዬ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አፏ ይሸታል። ሐኪሟ አራት ጥርስ መንቀል አለብን አለ። በሦስት ዓመት? ሊበላኝ ፈልጎ ነው ወይስ እውነት ነው? ሌላው ደግሞ በጸደይ ከሜዳ ስንመለስ መዳፏን ትልስ ትልስና ያብጣል፣ ምንድነው?»

ሐኪምህን አላውቀውም፤ የጥርሱ ነገር ግን ያስኬዳል። ዮርኪ አፏ ትንሽ ነው፣ ጥርሱ ግን እንደማንኛውም ውሻ 42 ነው። ቤቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ። በዚያ ላይ የወተት ጥርሷ ሳይወድቅ ቋሚው ከጎኑ ይበቅላል፤ በሁለቱ መካከል ምግብ ይወሸቃል፣ ድዱ ይበሰብሳል። በስድስት ሰባት ወሯ አፏን ከፍተው ሁለት ድርብ ጥርስ ያየ ሰው ቶሎ ቢያስነቅል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ብዙዎች ሲያስመክኗት አብረው ያስነቅሉታል፤ አንድ ማደንዘዣ፣ ሁለት ሥራ። ያንተዋ የጥርስ ራጅ እንድትነሳ ጠይቅ፤ ሥሩ ከተበላ ራጁ ላይ ራስህ ታየዋለህ። ጥርጣሬህንም ይመልስልሃል።

የቀሩትን ለማዳን በየቀኑ መቦረሽ ነው። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፤ ትውጠዋለች፣ አንዳንዱም ዛይሊቶል አለበት። የውሻ የጥርስ ሳሙና ዶሮ ዶሮ ይላል፣ ይወዱታል። በብሩሽ እምቢ ካለች ጣትህ ላይ ጨርቅ ጠቅልለህ ጀምር። (አባቴ አንድ ቀን መፋቂያ ሊሞክርባት አይቼዋለሁ። ጎሽ መፋቂያውን በላችው።)

መዳፏ ላይ ያለው፣ የማምነው፣ የደረቀ ሣር ዘለላ ነው። እዚያ በጸደይ መጨረሻ ሜዳው ሲደርቅ እንደ ቀስት ሹል የሆነ ፍሬ ይረግፋል። በጣቶቿ መካከል ይገባና ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። ጆሮዋ ውስጥም አፍንጫዋም ውስጥ ይገባል። በመዳፏ ያለውን ፀጉር አጭር አድርገህ አስቆርጥ፣ ከሜዳ ስትመለሱ ጣት በጣት ፈትሽ። ያበጠውን ሐኪም ይክፈተው። ሐኪምህን ስለ ፓርክ ትልም ጠይቀው፤ እስራኤል ውስጥ ብዙ ያለ፣ ዓይነ ምድር የሚበሉ ጢንዚዛዎች የሚያስተላልፉት፣ የምግብ ቱቦ ላይ እብጠት የሚሠራ ትል ነው፤ በየጊዜው በሚሰጥ መድኃኒት ይከለከላል።

«ዮርኪ ፀጉሯ አይረግፍም፣ አለርጂ ያለበት ሰው ሊይዛት ይችላል ይባላል። እውነት ነው? ልጄ አስም አለባት።»

ፀጉሯ በእርግጥ ብዙም አይረግፍም፣ እንደኛ እያደገ ይሄዳል። አለርጂ የሚያስነሳው ግን ፀጉሩ አይደለም፤ ምራቋና የቆዳዋ ብናኝ ነው። ያ ደግሞ አላት። ልጅሽን ዮርኪ ያለበት ቤት ጥቂት ቀን ደጋግመሽ ወስደሽ እይ፣ ከልጅሽ ሐኪም ጋርም ተማከሪ። ከገዙ በኋላ መመለስ ለልጁም ለውሻዋም ሐዘን ነው። የማይረግፍ ፀጉር ማለት ደግሞ ይቋጠራል ማለት ነው፤ ረጅም ከተውሽው በየቀኑ ማበጠር፣ ካልሆነ በየአምስትና ስድስት ሳምንቱ አጭር ማስቆረጥ። እኔ አጭሩን መርጫለሁ። ጥብጣብ ማሰር ለማን ጊዜ አለው?

«ስትሮጥ የኋላ እግሯን ሦስት አራት እርምጃ ታንጠለጥልና መልሳ ምንም እንዳልሆነ ትሮጣለች። ሰነፍ ናት?»

ሰነፍ አይደለችም። የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው ተንሸራትቶ እየተመለሰ ነው። በትንንሽ ውሾች በጣም የተለመደ ነው። አራት ደረጃ አለው፤ እንዳልከው አልፎ አልፎ ከሆነ ክብደቷን መቆጣጠርና ከአልጋ ላይ እንዳትዘል መከልከል ሊበቃት ይችላል፣ ተመልሶ የማይገባ ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምና ነው። ገና ዓመት ያልሞላት ከሆነችና ማነከሷ በየቀኑ እየባሰ፣ ታፋዋም እየሰለለ ከመጣ ግን አትጠብቅ፤ ያ ዳሌዋ ውስጥ የሚገባው የጭን አጥንቷ ራስ ደም የሚያጣበት ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ራጅ ያስፈልጋታል።

«ዮርኪ ስንት ዓመት ትኖራለች? የኛዋ አሥር ሞላት፣ ልጆቹ መጠየቅ ጀምረዋል።»

በደህና ከተያዘች ከ12 እስከ 15 ዓመት፤ ከዚያ የዘለሉም አሉ። አሥር ዓመት ላይ በዓመት ሁለቴ ታይ፣ ልቧ ይደመጥ፣ ደሟ ይመርመር። ለልጆቹ ብዙ ጊዜ እንዳላት ንገሯቸው፣ ውሸት አይሆንባችሁም።

የኔዋ ጎሽ አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቋ ነው። ስድስት ጥርስ ወልቆባታል፣ አንድ ዓይኗ ዳመን ብሏል፣ ደረጃ ላይ እንድሸከማት ትጠብቃለች። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ግን ከምድጃው ኋላ ኮሽ ሲል እሷ ነበረች ቀድማ የደረሰችው። አይጥዋን አንገቷን ይዛ አንዴ አራገፈቻትና እግሬ ስር አመጣችልኝ፤ ማለቴ እግሬ በነበረበት ቦታ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ነበርኩ።